ለእንግዳ የተለሰነው ድልድይ

ሾፌር ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ ድልድይ ማውራት ስጀምር ኢንጂነር የምመስላቸው ሰዎች ስላሉ ነው፤ ደስ ባይለኝ ኖሮ ቶሎ አርማቸው ነበር። አምቦ ባለ አንድ የመንገድ መሥሪያ ቤት ፒካፕ መንዳት ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ። በእነዚህ ዓመታት ስምንት ኢንጂነሮች ከጎኔ ተቀምጠው ተነሥተዋል። ስምንቱም ድልድይ ሲያገኙ ወርደው በሜትር ይለካሉ። እኔ አልለካም። ሬዲዮኑን እዘጋለሁ፣ መስኮቱን ዝቅ አደርጋለሁ፣ በአንደኛ ማርሽ እገባለሁ፤ የቀረውን መሪው ይነግረኛል። እስከ ዛሬ ወንዝ ውስጥ አልገባሁም። ከዚህ የበለጠ ዲግሪ ያለው ይምጣ።

ዘጠነኛዋ ዱረቲ ናት። ኮሮና ከመምጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተመደበች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ አጭር፣ ራሷ ላይ የምትደፋው ቢጫ የሥራ ቆብ ግን ለሁለታችንም የሚበቃ ነው። ስለ መሪዬ ጥበብ ስተርክላት ጸጥ ብላ ታዳምጥና፣ "ጋሼ ታምራት፣ መሪው ታዲያ ከመቶ ስንት ሰጠው?" ትለኛለች።

ከመቶ የምትለው ሥራችን እሱ ስለነበረ ነው። በዚያ ዓመት የምዕራብ ሸዋን ትንንሽ ድልድዮች ደኅንነት እየዞርን እንድንመረምር ታዘዝን። የአስፋልቱ ድልድዮች የራሳቸው ተቆርቋሪ አላቸው። የእኛዎቹ የገጠር መንገድ ላይ ያሉት፣ አህያና አይሱዙ ተራ እየተጠባበቁ የሚሻገሯቸው ናቸው፤ አርባ አንድ ናቸው። እያንዳንዱ ድልድይ ፎርም ተሞልቶለት ከመቶ ነጥብ ያገኛል። ከአርባ በታች ያገኘ ለመኪና ይዘጋል፣ የጥገና ዝርዝሩም ላይ ከላይ ይጻፋል። ጥገናው መቼ እንደሚጀመር ፎርሙ ላይ ቦታ አልተተወለትም።

ችግር ያመጣብን ከመቶ መሆኑ ነው። አገሩ ሁሉ ልጅ አስተምሯል፤ ከመቶ አርባ ማምጣት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ወላጅ የለም። ስለዚህ የሄድንበት ቀበሌ ሁሉ ድልድዩ ጥሩ ነጥብ እንዲያመጣለት ይጨነቃል። ጊንጪን አለፍ ብሎ ያለ አንድ የቀበሌ ሊቀ መንበር ሃምሳ ሁለት ሲሰጠው ፊቱ ጠቆረና፣ "ለጠባዩ ሁለት ነጥብ ጨምሪለት፤ እስካሁን ማንንም አልጎዳም" አላት። በጉደር በኩል ደግሞ አንዲት ነጋዴ፣ ድልድዩ ማሟያ ፈተና ይኖረው እንደሆነ ጠየቀችን። ዝቅተኛ ነጥብ ማለት ቶሎ መጠገን ማለት ነው ብላ ዱረቲ ስንት ጊዜ እንዳስረዳች እኔ ምስክር ነኝ። ይሰሟታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ "ቢሆንም ስልሳ አድርጊው" ይሏታል።

ዱረቲ ሁለት ሕግ ነበራት። አንደኛው፣ በዓይኗ ያላየችውን አትጽፍም። ሁለተኛው፣ ነጥቡ ሳይጻፍ የማንንም ምግብ አትቀምስም። ሁለተኛው ሕግ በእኔ ላይ የወጣ ነው ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ፤ እሷ ሳትበላ እኔ ብቻዬን ገበታ ላይ መቀመጥ አልችልማ።

በጥር ወር አንድ ሐሙስ ደንዲ ወረዳ ውስጥ ላጋ ኮርማ የሚባል ወንዝ ጋ ደረስን። ድልድዩ ስምንት ሜትር ቢሆን ነው፤ በግራና በቀኝ የድንጋይ ግንብ፣ በላዩ የኮንክሪት ወለል። የሠሩት ኦቦ ኦሊቃ የሚባሉ ግንበኛ ናቸው፤ በ1976 የመንደሩን ሰው አስተባብረው ገነቡት፣ ከዚያ ወዲህ ስሙም የኦሊቃ ድልድይ ሆነ። ሰው ሲቀጣጠር "ኦሊቃ ጋ እንገናኝ" ይባባላል፤ ሰውየው ቤታቸው ተኝተው ሰዉ ድልድዩ ላይ ይገናኛል።

ከሩቅ ሳየው የሠርግ ቤት መስሎኝ ነበር። ግንቡ ከላይ እስከ ታች አዲስ ተለስኖ ኖራ ተቀብቷል። ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። መኪና እንዳይገባበት በሁለቱም ጫፍ የእሾህ አጥር ተጋድሟል። ከአጥሩ አጠገብ ኦቦ ኦሊቃ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመዋል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው።

"አካም ጅርቱ" አሉን። ሰላምታው በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ ወደ ጤና፣ ወደ ከብት፣ ወደ ጤፉ ምርት ተሻገረ፤ ከዚያም ተመልሶ ጤና ላይ ደረሰ። ዱረቲ ሰላምታውን ሳታቋርጥ ዓይኗን ግንቡ ላይ ተክላ ነበር።

"ኦቦ ኦሊቃ፣ ይሄ መቼ ተለሰነ?"

"ማክሰኞ።"

"ለምን?"

ጥያቄው ገረማቸው። "እንግዳ ይመጣል ተብሎ ነዋ። ከዞን ሰው መጥቶ ቆሻሻ ግንብ ይይ?"

"የመጣሁት እኮ ስንጥቅ ለማየት ነው።"

"እሱማ ተደፈነ" አሉ ደስ ብሏቸው።

ዱረቲ ቆቧን አውልቃ ግንባሯን አሸች። በአርባ ድልድይ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠማትም። ልስኑ ይፋቅልኝ ስትል ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደፉት። "ኢንተላ ኮ" አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ሙሽራ ተኩላ ስትወጣ ታጥበሽ ነይ ትያታለሽ?"

የሙሽራ ነገር በአፋቸው የመጣው በከንቱ አልነበረም። በዚያው እሑድ የልጅ ልጃቸው ጂቱ ልታገባ ነው። ይህን የነገረችን የጂቱ እናት ጌጤነሽ ናት፤ ምሳ ደርሷል ልትለን መጥታ ዱረቲ አልበላም ስትላት ወገቧን ይዛ ቆመች። ከወንዙ በስተዚህ ዋናው መንገድ፣ በስተዚያ የእነሱ መንደር ነው። ከአምቦ ሁለት ኮስተር ሙሉ ሚዜና ዘመድ፣ ከዚያ በተረፈ የቤት መኪኖች ይመጣሉ። ሌላ መግቢያ የለም። ድልድዩ ከተዘጋ የሙሽራው ወገን በሠርግ ልብሱ በእግሩ ይገባል ማለት ነው፤ ያውም ኦሊቃ የሚለውን ስም እየጠራ፣ ኦሊቃ የሠራው ድልድይ ተከልክሎ።

"የአባቴ ድልድይ ሠላሳ አምስት ዓመት ቆሟል" አለች ጌጤነሽ። "ባለፈው ሳምንት ጤፍ የጫነ አይሱዙ ተሻግሮበታል። አንቺ ቆብሽን ስላደረግሽ ይወድቃል?"

ዱረቲ ቆቧን መልሳ አደረገች። ከዚያ መዶሻዋን ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች። ወንዙ በጥር ጉልበቱ አልቆ ከቁርጭምጭሚት አይዘልም። ኦቦ ኦሊቃ ከነሙሉ ልብሳቸው፣ ጫማቸውን አውልቀው ተከተሏት። እኔ ከላይ ሆኜ አያለሁ፤ ሾፌር እግሩን የሚያረጥብበት ምክንያት የለውም።

ግንቡን እየመታች ድምፁን ታዳምጣለች። በዚህኛው ወገን ያለው ግንብ ጥሩ ድንጋይ የሚሰጠውን ደረቅ ድምፅ ሰጠ። በዚያኛው ወገን ካለው ግንብ መካከል ላይ ስትደርስ ድምፁ ለወጥ አለ፤ ልዩነቱን እኔ እንኳ ከላይ ሰማሁት። ዱረቲ እንደገና መታችው። ኦቦ ኦሊቃ ያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረው ነበር። ጆሮአቸው ከእሷ ይልቅ ድንጋይ ያውቃል።

"ልስኑ ይሆናል ባዶ የሆነው" አለች ለራሷ። "ወይ ግንቡ ነው። በዚህ ብቻ ልጽፍ አልችልም።" በስልኳ መብራት ልስኑን ከላይ እስከ ታች ፈተሸች። ክር የምታህል ስንጥቅ አላገኘችም።

"ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጥቼዋለሁ" አሉ ሽማግሌው። "የኔ ልስን ሲደርቅ አይሰነጠቅም።"

ዱረቲ ይህን ስትሰማ ፈገግ አለች። እንዲህ ፈገግ ስትል እኔ የምሠራው ሥራ እንደሚመጣ አውቃለሁ።

"መኪና ከማክሰኞ ወዲህ አልገባበትም?"

"እሾህ አጥሬበት?"

"ደኅና። ስንጥቅ የሌለው አዲስ ልስን ከሆነ ጥሩ ምስክር ነው። ግንቡ ካልተንቀሳቀሰ ልስኑ እንዳለ ይቀመጣል። ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ይናገራል።" ቀና ብላ ወደኔ አየች። "ጋሼ ታምራት፣ ባዶውን ፒካፕ በቀስታ ያሳልፉልኝ። ሁለት ቶን ነው፤ ከአይሱዙው ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ከእርስዎ ጋር ትንሽ ከፍ ይላል።"

ክብደቴን ፎርም ላይ ሳታሰፍር አትቀርም። እሾሁ ተነሣ። ዱረቲ ከታች በዚህኛው ግንብ ጥግ፣ ኦቦ ኦሊቃ በዚያኛው ግንብ ጥግ ቆሙ፤ እንዲህ ያከፋፈለቻቸው እሷ ናት፣ ሁለቱን ግንብ በአንድ ዓይን ማየት ስለማትችል። በኋላ ለምን የራሳቸውን ሥራ ራሳቸው እንዲያዩ እንዳደረገች ስጠይቃት፣ "ከእሳቸው የተሻለ ግንበኛ እዚያ ነበር እንዴ?" አለችኝ። ሬዲዮኑን ዘጋሁ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ። ጌጤነሽ ቄጠማው እንዳይረገጥ ብላ ልትሰበስብ ስትሯሯጥ ዳሩ ላይ አገኘኋትና ጥሩምባ ነፋሁባት።

አንድ ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ። ምንም የለም። ሁለተኛ ሄድኩ። ዱረቲ ከታች "በኔ በኩል ሰላም ነው" አለች። በሦስተኛው የፊት ጎማዬ ከዚያኛው ግንብ በላይ ሲደርስ "እዚያው ይቁሙ" አለችኝ። ቆምኩ። መሪው እጄ ላይ ትንሽ ነገር ነገረኝ፤ ምን እንደሆነ ግን ብጠየቅ አልመልስም።

በመስኮቱ ወደ ታች አየሁ። ኦቦ ኦሊቃ ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንቡን በጣም ተጠግተውታል። አውራ ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳርፈዋል። ጣቱ አይነቃነቅም።

"ኦቦ ኦሊቃ፣ በእርስዎ በኩልስ?" አለች ዱረቲ ከማዶ።

እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ ሆና የእሳቸውን ጣት ማየት አትችልም። ከላይ ደግሞ ጌጤነሽ አለች፣ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ምሳው ቀርቧል፣ ሠርጉ እሑድ ነው። "ሰላም ነው" ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው፤ ፎርሙ ላይ ስልሳ ይጻፋል፣ ሁላችንም እንበላለን። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ በቦታቸው ብሆን ሰላም ነው እል ነበር። እንደዚያ እንዲሉ ስመኝ ራሴን ያዝኩት፤ አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

"ኦቦ ኦሊቃ?"

"ኮቱ" አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። "ነይ። መጥተሽ እዪው።"

ዱረቲ ውኃውን አቋርጣ ሄደች። ልስኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ፣ ክንድ የሚሆን ቀጭን መስመር ተከፍቷል። ፒካፑን ወደ ኋላ እንድመልስ አዘዙኝ፤ ስመለስ መስመሩ ጠበበ። ስገባ ሰፋ። ሽማግሌው ሌላ ቃል ሳይጨምሩ የኮታቸውን ኪስ ዳብሰው የግንበኛ ማንኪያ አወጡ። ሰው ሙሉ ልብሱን ሲለብስ ማንኪያ ይዞ እንደሚወጣ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ማክሰኞ የለሰኑትን ልስን በራሳቸው እጅ ፋቁት። ከሥሩ ያለው ስንጥቅ ጣት ያስገባል።

"ይሄኛው ግንብ መሠረቱ ዓለት አልደረሰም" አሉ፣ ማንኪያውን እየጠረጉ። "ጠጠር ላይ ነው ያቆምኩት። በ76 የምረቃው ቀን ተቆርጦ ነበር፣ እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ተባለ። ወንዙ ቀድሞ ሞላብኝ። ሁለት ክንድ ብቆፍር እደርስ ነበር፣ ሁለት ሳምንት አጣሁ። ለእንግዳው ቶሎ ጨረስኩት።" ማንኪያውን ኪሳቸው ከተቱ። "በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ እለስነዋለሁ። ሰዉ ድልድዩን ስለምወድ ይመስለዋል። እወደዋለሁም። ግን ስለምፈራ ነው።"

ጌጤነሽ ከላይ ሆና ይህን ሰማች፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ነገር ሰምታ አታውቅም ነበር።

ዱረቲ ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፎርሙን ሞላች። ኦቦ ኦሊቃ እግራቸው ውኃ ውስጥ እንዳለ ጠበቁ። "ስንት ሆነ?"

"ሃያ ሰባት።"

"በአራተኛ ክፍል ሒሳብ ያመጣሁት እሱን ነበር" አሉ። "ግንበኛ የሆንኩት በሱ ነው።" ዱረቲ መሳቅ ይሁን ማዘን እንዳለባት ግራ ገባት። እሳቸው ሲስቁ እሷም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ጌጤነሽ ግን ገና አልጨረሰችም። ወደ ዱረቲ ወርዳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሰኞ ዝጊው። ሃያ ሰባቱን ጻፊ፣ እኔ አልከለክልሽም። መዝጋቱን ብቻ ለሰኞ አድርጊው። ሠላሳ አምስት ዓመት የቆመ ሦስት ቀን ያቅተዋል?"

ዱረቲ እስክሪብቶዋን ጨበጥ አደረገች። ሕግ ማውጣት ቀላል ነው፤ እናት ፊት ለፊት ቆማ ስትለምን ማስከበሩ ግን ሌላ ነገር ነው። መልሱን የሰጡት ኦቦ ኦሊቃ ናቸው።

"ኮስተሩ ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚቀመጠው?"

"ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት" አለች ጌጤነሽ።

"ሁለት ነው ያልሽው?" አሉና ወደ ዳር ወጥተው ድንጋይ ማንከባለል ጀመሩ። ሙሉ ልብሱ በጭቃ ተበላሸ። ጎረቤቱ መጥቶ አገዛቸው፤ ዱረቲ በቀይ ቀለም ምልክቷን አደረገች። መኪና የሚከለክል ድንጋይ ሆነ፤ ለእግረኛ መንገድ ተተወ፣ ግን ከአሥር ሰው በላይ አንድ ላይ እንዳይገባ። ከዚያ ምሳ በላን። ዱረቲ ሦስት ጊዜ ጨመረች፤ ለሕጓ ስል ስንት ቀን እንደተራብኩ ያን ጊዜ አስታወስኳት።

ስንሄድ ኦቦ ኦሊቃ መስኮቴ ጋ መጥተው፣ "እሑድ ካልመጣችሁ እቀየማችኋለሁ" አሉን።

እሑድ መጣን። ፒካፑን ከወንዙ በስተዚህ፣ ከሁለቱ ኮስተሮች ጀርባ አቆምኩት። ዱረቲ ያለ ቆብ፣ በሐበሻ ቀሚስ መጥታ ነበር፤ መጀመሪያ ሳያት ሌላ ሰው የጫንኩ መስሎኝ ነበር። የሙሽራው ወገን ከኮስተር እየወረደ፣ ተረከዘ ረጅም ጫማ ያደረጉት እያወለቁ፣ አፈር አፈር እያለ ያጉረመርማል። ኦቦ ኦሊቃ በታጠበው ሙሉ ልብሳቸው ድልድዩ መግቢያ ላይ ቆመው እንግዳውን አሥር አሥር እየቆጠሩ ያሳልፋሉ። አሥራ አንደኛ ሆኖ ሊገባ የሞከረውን ሚዜ በባርኔጣቸው መለሱት።

የሙሽራው አባት አቶ ገብረአማኑኤል የአምቦ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ቁመታቸውም ወርዳቸውም ትልቅ ነው። ተራቸው ደርሶ ድልድዩ አፍ ላይ ሲቆሙ ቀዩን ቀለም አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ የታመሰውን ሰው አዩ። ቀልድ አዋቂ ስለሆኑ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ "በዚህ ቀን መንገድ የዘጋብን ጠላት ማነው? አሳዩኝና ልመርቀው" አሉ።

ሰዉ ሳቀ። የጌጤነሽ ዓይን ወደ ዱረቲ ሄደ፣ የጎረቤቱም ዓይን ተከተለው። ዱረቲ ቀስ ብላ ከኋላዬ ተደበቀች፤ ለዚህ ጊዜ ወርዴ ጠቅሟል። ኦቦ ኦሊቃ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "የሠራሁትም እኔ ነኝ፣ የዘጋሁትም እኔ። መሠረቱን አሳስቼዋለሁ። ልጆቻችሁን በመኪና ላሳልፍበት ፈራሁ።"

ሳቁ ቆመ። ሠላሳ አምስት ዓመት ለልጃቸው እንኳ ያልተናገሩትን ለሁለት ኮስተር ሰው ነገሩት። እኔ የምይዘው ጠፋኝ፤ የኪሴን ቁልፍ ጨበጥኩ። አቶ ገብረአማኑኤል ጎንበስ አሉ። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና በእጃቸው ይዘው፣ "እኔ ብቻዬን የአሥር ሰው ያህል ነኝ፤ ለብቻዬ አሳልፉኝ" አሉ። ኦቦ ኦሊቃ ለብቻቸው አሳለፏቸው።

ከምሳ በኋላ ጂቱ ከቤት ወጣች። ያጌጠው የሙሽራ መኪና ወንዝ ማዶ ቆሟል፤ ወደሱ ለመሄድ ድልድዩን በእግሯ ማለፍ አለባት። ቀሚሷን ሁለት ሚዜዎች ከኋላ ያዙላት። አያቷ ድልድዩ አፍ ላይ ጠበቋት፣ ክንዳቸውን ሰጧት። ጂቱ ልትረግጥ ስትል ቀዩን ምልክት አይታ ወደ ኋላ አለች።

"አባባ፣ ይችለናል?" አለቻቸው።

"እኔን ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሸከም ኖሯል" አሉ። "አንቺ ቀላል ነሽ።" እጇን ይዘው አብረው ገቡ።